ወድቆ መነሣት፤ የብስክሌተኛው የፋውስቶ ኮፒ የሕይወት ታሪክ

ከማንበባችሁ በፊት

1. ከመካከላችሁ አጥንቱ ተሰብሮ ወይም ወልቆ የሚያውቅ አለን? ወደ ቀድሞ ሥራው ወይም ጨዋታው ለመመለስ ምን ያህል ጊዜ ፈጀበት?
2. «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር ለምን ዓይነት ሰው ይነገራል?
3. ርእሱን ብቻ ተመልክታችሁ ምንባቡ ስለ ምን እንደሚናገር ገምቱ።

(በዚህ ምንባብ ውስጥ የተጠቀሱት ቀኖችና ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።)

ምንባብ

ብስክሌት በሁለት ቀጫጭን ጎማዎች ላይ የሚሄድ መሣሪያ ነው። በእሽቅድምድም ጊዜ በላዩ የተቀመጠው ሰው ቁልቁለት ሲወርድ በሰዓት ከስድሳ ኪሎ ሜትር በላይ ሊፈጥን ይችላል፤ ነገር ግን ሰውነቱን ከመንገዱ የሚከላከልለት ስስ ልብስ ብቻ ነው። ስለዚህ በዚህ ስፖርት ዕድሜውን ያሳለፈ ሁሉ መውደቅን ያውቀዋል። ከወደቁት መካከል አንዳንዶቹ ተስፋ ቆርጠው ውድድሩን እርግፍ አድርገው ይተዋሉ። ሌሎቹ ደግሞ ሳይድኑ ቸኩለው በመመለሳቸው ጉዳታቸውን ያባብሳሉ። ጥቂቶች ግን ለጉዳታቸው የሚገባውን ጊዜ ሰጥተው፣ ከዚያም ኃይላቸውን ቀስ በቀስ አጠራቅመው ወደ ውድድሩ ሜዳ ይመለሳሉ። ከነዚህ ጥቂቶች አንዱ ኢጣሊያዊው ፋውስቶ ኮፒ ነበር።

ኮፒ ሴፕቴምበር 15 ቀን 1919 ዓ.ም. በሰሜን ኢጣሊያ፣ በፒየሞንቴ ክፍለ ሀገር፣ ካስቴላኒያ በምትባል ኮረብታማ መንደር ተወለደ። ወላጆቹ በእርሻ የሚተዳደሩ ድኾች ነበሩ። ከአምስት ልጆቻቸው መካከል ፋውስቶ አራተኛው ሲሆን፣ የሁሉም ታናሽ ሰርሴ ይባል ነበር። ፋውስቶ በልጅነቱ ሰውነቱ ደቃቃ፣ እግሮቹ ረጃጅምና ቀጫጭን ስለ ነበሩ ለከባድ የእርሻ ሥራ የሚሆን አይመስልም ነበር። በዚህም ምክንያት ትምህርቱን ገና በለጋ ዕድሜው አቋርጦ ኖቪ ሊጉሬ በምትባለው ከተማ በአንድ ሉካንዳ ቤት ተቀጠረ። ሥራው ሥጋ በብስክሌት እየጫነ ለደንበኞች ማድረስ ነበር። ከመንደሩ እስከ ከተማዋ ያለውን ኮረብታማ መንገድም የሚመላለሰው በብስክሌት ነበር። ማንም ሳያሠለጥነው እግሩና ሳንባው በዚህ መንገድ ጠነከሩ። መርከበኛ የነበረው አጎቱ የሰጠው ገንዘብ ታክሎበት የራሱን የውድድር ብስክሌት ለመግዛት ቻለ።

ኖቪ ሊጉሬ ውስጥ ኮፒ ሕይወቱን የለወጠለትን ሰው አገኘ። ይህ ሰው ቢያጆ ካቫና ይባላል። ካቫና ዓይነ ስውር ወጌሻ ሲሆን፣ ቀደም ሲል ኮስታንቴ ጂራርዴንጎ የተባለውን ታላቅ የኢጣሊያ ብስክሌተኛ ይንከባከብ ነበር። ዓይኑ የነሣውን ጣቶቹ ይተኩለት ነበር። የአንድን ወጣት ጡንቻ በእጁ ዳስሶ ድካሙንና ብርታቱን ለመለየት ይችል እንደ ነበር ይነገርለታል። ካቫና ወጣቶችን በዙሪያው እየሰበሰበ ጥብቅ በሆነ ሥርዓት ያሠለጥን ነበር። የሚበሉት፣ የሚተኙበትና የሚነሡበት ሰዓት፣ በየቀኑ የሚጋልቡትም ርቀት የተወሰነ ነበር። ኮፒ ከዚህ ዓይነ ስውር መምህሩ የተማረው ዋና ነገር የገዛ ሰውነቱን ማዳመጥ ነው። ይህም ትምህርት ኋላ በክፉው ቀን ጠቀመው።

በ1940 ዓ.ም. ኮፒ ገና የሃያ ዓመት ወጣት ሳለ የኢጣሊያን ዙር ውድድር አሸነፈ። ወደዚያ ውድድር የገባው ዝነኛውን ጂኖ ባርታሊን ለመርዳት ነበር። ነገር ግን ባርታሊ ገና በውድድሩ መጀመሪያ ወድቆ ስለ ተጎዳ፣ ረዳቱ መሪ ሆነ። ውድድሩ በተፈጸመ ማግስት ኢጣሊያ ወደ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ገባች። ኮፒ ኖቬምበር 7 ቀን 1942 ዓ.ም. በሚላኖ ከተማ ቪጎሬሊ በተባለው የብስክሌት ሜዳ ውስጥ በአንድ ሰዓት 45 ኪሎ ሜትር ከ798 ሜትር ተጉዞ በዓለም አዲስ ክብረ ወሰን መሠረተ። ብዙም ሳይቆይ ለወታደርነት ወደ ሰሜን አፍሪቃ ተላከ። በ1943 ዓ.ም. በቱኒዚያ በእንግሊዞች ተማረከ። ጦርነቱ ሲያበቃ ወደ አገሩ የተመለሰው ምርጥ የወጣትነት ዓመታቱን በከንቱ አሳልፎ ነበር።

ይሁን እንጂ ተስፋ አልቆረጠም። በ1946 ዓ.ም. ከሚላኖ እስከ ሳን ሬሞ በሚደረገው ረጅም ውድድር የቅርብ ተከታዩን በ14 ደቂቃ ቀድሞ ገባ። በ1949 ዓ.ም. ደግሞ የኢጣሊያንና የፈረንሳይን ዙር ውድድሮች በአንድ ዓመት በማሸነፍ በታሪክ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። በዚያው ዓመት በኢጣሊያ ዙር፣ ከኩኔዮ እስከ ፒኔሮሎ ባለው ተራራማ መንገድ 192 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻውን ጋልቦ ባርታሊን በ12 ደቂቃ ያህል ቀድሞታል። ወንድሙ ሰርሴም በዚያው ዓመት ከፓሪስ እስከ ሩቤ በተደረገው ውድድር ከአንድ ፈረንሳዊ ጋር በእኩልነት አሸናፊ ተብሎ ነበር። ለኮፒ ቤተሰብ ዘመኑ የደስታ ዘመን ነበር።

ደስታው ግን ብዙ አልቆየም። ጁን 2 ቀን 1950 ዓ.ም. በኢጣሊያ ዙር ከቪቼንሳ ወደ ቦልዛኖ በሚጓዙበት ዕለት ኮፒ ፕሪሞላኖ በተባለ ስፍራ ከሌላ ተወዳዳሪ ጋር ተነካክቶ ወደቀ። የዳሌው አጥንት በሦስት ቦታ ተሰበረ። ዳሌ የላይኛውንና የታችኛውን አካል የሚያገናኝ፣ ሰው ሲቆም ክብደቱን የሚሸከም አጥንት ነው። ብስክሌተኛም ኃይሉን ወደ እግሮቹ የሚያስተላልፈው በዳሌው ላይ ተደላድሎ ተቀምጦ ነው። ስለዚህ ብዙዎች የኮፒ የውድድር ዘመን አበቃለት ብለው አሰቡ።

እዚህ ላይ አጥንት እንዴት እንደሚጠገን በአጭሩ መረዳት ይጠቅማል። አጥንት ሲሰበር በስብራቱ ዙሪያ ደም ይፈስሳል፤ ከዚያም ይረጋል። በሚቀጥሉት ሳምንታት በረጋው ደም ቦታ ለስላሳ የሆነ አገናኝ ነገር ያድጋል። ይህም ቀስ በቀስ እየጠነከረ ወደ አጥንትነት ይለወጣል። በመጨረሻም አዲሱ አጥንት በሚሸከመው ጫና መጠን ቅርጹን እያስተካከለ ለብዙ ወራት ይቆያል። ይህን ሥራ የሚሠራው ሰውነት ራሱ ነው። ሐኪሙ የሚያደርገው የተሰበረውን በቦታው አስተካክሎ ሥራው እንዳይሰናከል መጠበቅ ነው። የአንገትና የትከሻ መጋጠሚያ አጥንት በጥቂት ሳምንታት ሊያያዝ ይችላል፤ ዳሌና ጭን ግን ከዚያ የሚበልጥ ጊዜ ይፈልጋሉ። በሌላ በኩል ሕመምተኛው በአልጋ ላይ በቆየ ቁጥር ጡንቻው ይሟሽሻል፤ ልቡና ሳንባውም ድካምን የመቋቋም ልምዳቸውን ያጣሉ። እንግዲህ የተሰበረ ሰው በሁለት አደጋዎች መካከል ይገኛል። ቶሎ ቢነሣ ያልጠነከረው አጥንት እንደ ገና ይሰበራል፤ ከሚገባው በላይ ቢተኛ ደግሞ ሰውነቱ ይከዳዋል። ጥበቡ በሁለቱ መካከል ያለችውን ጠባብ መንገድ ማግኘት ነው።

ኮፒ በዚያች ጠባብ መንገድ ሄደ። የጀመረውን የኢጣሊያ ዙር አቋረጠ፤ ከአንድ ዓመት በፊት ያሸነፈውን የፈረንሳይ ዙርም ሳይካፈል ቀረ። ሌሎች ሲወዳደሩ እሱ ለማረፍ ተገደደ። ለጤነኛ ሰው ዕረፍት ደስታ ነው፤ ለስፖርተኛ ግን ከድካም ሁሉ የከበደ ፈተና ነው። ከዚያ በኋላ ብስክሌት ራሷ መድኃኒት ሆነችለት። በብስክሌት ላይ የተቀመጠ ሰው ክብደቱን የሚሸከምለት ኮርቻው በመሆኑ፣ እግሩ እንደ ሩጫ መሬት እየመታ አይናወጥም። በዚህም የተነሣ ሐኪሞች እስከ ዛሬ ድረስ ከእግርና ከዳሌ ጉዳት የሚያገግሙትን ሰዎች በመጀመሪያ ቀላል የብስክሌት እንቅስቃሴ ያሠሯቸዋል። ዛሬ ለጥቂት ደቂቃ በሜዳ ላይ፣ ከሳምንት በኋላ ትንሽ ጨምሮ፣ ሕመም ሲሰማ ቀንሶ፣ ሲቀል ደግሞ ወደ ዳገት፤ መንገዱ ይህ ነው። ኮፒ በዚያው ዓመት በኦክቶበር ወር፣ ከወደቀ አምስት ወር ሳይሞላው፣ በሎምባርዲያ ውድድር ሦስተኛ ሆኖ ገባ። አሸናፊ አልሆነም፤ ነገር ግን ከዳኑት ሰዎች መካከል መሆኑን አሳየ።

የ1951 ዓ.ም. ዓመት ከዚህ የባሰ መከራ ይዞ መጣ። በማርች ወር ከሚላኖ እስከ ቶሪኖ በተደረገው ውድድር ኮፒ እንደ ገና ወድቆ በአንገቱና በትከሻው መካከል ያለውን አጥንት ሰበረ። እንደ ልማዱ ታክሞ ተመለሰና የኢጣሊያን ዙር አራተኛ ሆኖ ፈጸመ። ጁን 29 ቀን ግን በፒየሞንቴ ዙር ውድድር ወንድሙ ሰርሴ ቶሪኖ ከተማ አጠገብ ሲደርስ ጎማው በትራም ሐዲድ ውስጥ ገብቶበት ወደቀና ራሱን ተመታ። ሰርሴ ተነሥቶ በብስክሌቱ ላይ እንደ ገና ወጣ። ጉዳቱ ቀላል መሰለው። ከጥቂት ሰዓት በኋላ ግን ራሱን ያመው ጀመር፤ በራስ ቅሉ ውስጥም ደም ፈስሶ ስለ ነበር በዚያኑ ዕለት ሞተ። በዚያ ዘመን ብስክሌተኞች በመንገድ ውድድር ራሳቸውን የሚሸፍኑት በስስ የጨርቅ ቆብ ነበር።

የኮፒ ሐዘን ወሰን አልነበረውም። ሰርሴ ለእሱ ወንድምም፣ ጓደኛም፣ የውድድር ረዳትም ነበር። ብስክሌትን ለዘለዓለም ለመተው አሰበ። ይሁን እንጂ ሰዎች መክረውት ወንድሙ በሞተ በአምስተኛው ቀን በተጀመረው የፈረንሳይ ዙር ተሰለፈ። በዚህ ጊዜ አጥንቱ ድኖ ነበር፤ ልቡ ግን አልዳነም። ወደ ሞንፔሊዬ በሚወስደው መንገድ ላይ በከባድ ሙቀት ኃይሉ ከዳው። ጓደኞቹ አጅበው ባያደርሱት ኖሮ ከተወሰነው ሰዓት በኋላ ደርሶ ከውድድሩ ይወጣ ነበር። በዚያ አንድ ቀን ከግማሽ ሰዓት በላይ ተቀደመ። ከጥቂት ቀን በኋላ ግን በአልፕስ ተራሮች መካከል ወደ ብሪያንሶን የሚያደርሰውን ጉዞ አሸነፈ። በመጨረሻም አሥረኛ ሆኖ ፈጸመ። ለስሙ የማይመጥን ውጤት ቢመስልም ውድድሩን ሳያቋርጥ መጨረሱ በራሱ የማገገም መጀመሪያ ነበር።

የትዕግሥቱ ፍሬ በ1952 ዓ.ም. ታየ። ኮፒ የኢጣሊያን ዙር አሸንፎ ወደ ፈረንሳይ ተሻገረ። የዚያ ዓመት የፈረንሳይ ዙር ለመጀመሪያ ጊዜ አልፕ ድዌዝ በሚባለው ተራራ ጫፍ ላይ የሚያበቃ ጉዞ ነበረበት፤ እዚያም ቀድሞ የደረሰው ኮፒ ነው። ወዲያው በሚቀጥለው ጉዞ ወደ ሴስትሪዬሬ ሲወጡም ሁሉንም ጥሎ ሄደ። በመጨረሻ ሁለተኛ የወጣውን ቤልጂጋዊ ስታን ኦከርስን በ28 ደቂቃ ከ17 ሴኮንድ በለጠው። ልዩነቱ እጅግ ስለ ሰፋ፣ የውድድሩ አዘጋጆች የሌሎቹ ወኔ እንዳይጠፋ ሲሉ በመካከሉ የሁለተኛውን ሽልማት እጥፍ ለማድረግ ተገድደው ነበር። ዳሌው በሦስት ቦታ ተሰብሮ ከወደቀ ገና ሁለት ዓመቱ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1953 ዓ.ም.፣ የኢጣሊያ ዙር ለመጀመሪያ ጊዜ ከ2700 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በስቴልቪዮ ተራራ ላይ ሲያልፍ ኮፒ በዚያ ተራራ ላይ ድል አድርጎ ዙሩን ለአምስተኛ ጊዜ አሸነፈ። በዚያው ዓመት በሉጋኖ የዓለም የመንገድ ውድድር ሻምፒዮን ሆነ።

ሕይወቱ ያለ ነቀፋ አልነበረም። በዘመኑ ገና ያልተከለከሉትን አነቃቂ መድኃኒቶች ይወስድ እንደ ነበር ራሱ አምኗል። እነዚህ መድኃኒቶች ድካምን ከመሰወር በቀር ኃይል የማይፈጥሩና ጤናን የሚጎዱ በመሆናቸው ኋላ በስፖርት ሕግ ተከልክለዋል። የሰውነትን ድካም ማዳመጥን የተማረ ሰው ያንኑ ድካም በመድኃኒት መሸፈኑ ልንቀበለው የማይገባን የታሪኩ ክፍል ነው።

ዕድሜው ሲገፋ አደጋው አልተለየውም። በ1957 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት በሰርዴኛ ደሴት ወድቆ የጭኑን አጥንት ሰበረ። ያን ጊዜ ዕድሜው 37 ዓመት ነበር። በዚያ ዕድሜ ብዙዎቹ ብስክሌተኞች ውድድር ትተው በሌላ ሥራ ይተዳደራሉ። የጭን አጥንት በሰውነት ውስጥ ካሉት አጥንቶች ሁሉ ረጅሙና ጠንካራው ነው፤ ሲሰበር ግን ጥገናው ብዙ ወራት ይፈጃል። ኮፒ እንደ ገና ከመጀመሪያው ጀመረ። መራመድን፣ ከዚያም በቀስታ መጋለብን፣ ከዚያም ረጅም መንገድን። በዚያው ዓመት በኖቬምበር ወር ባራኪ በተባለው፣ ሁለት ሁለት ሰዎች ተጣምረው ሰዓት በሚይዙበት ውድድር፣ ከወጣቱ ከኤርኮሌ ባልዲኒ ጋር ሆኖ አሸነፈ። ባልዲኒ በ1956 ዓ.ም. በሜልቦርን ኦሊምፒክ የመንገድ ላይ የብስክሌት ውድድርን ያሸነፈ ነው፤ ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በተካፈለችበት በዚያ ኦሊምፒክ የእኛም ብስክሌተኞች በዚሁ ውድድር ተሰልፈው ነበር። ይህ የባራኪ ድል የኮፒ የመጨረሻው ታላቅ ድል ሆነ።

በዲሴምበር ወር 1959 ዓ.ም. ኮፒ ከሌሎች ታዋቂ ብስክሌተኞች ጋር ላይኛው ቮልታ ትባል ወደ ነበረችው ወደ ዛሬዋ ቡርኪና ፋሶ ለውድድርና ለአደን ተጓዘ። እዚያም ወባ ያዘው። ከፈረንሳዊው ጓደኛው ከራፋኤል ጀሚኒያኒ ጋር ወደ አውሮጳ ከተመለሱ በኋላ ሁለቱም በኃይለኛ ትኩሳት ወደቁ። ፈረንሳይ ውስጥ የጀሚኒያኒ ደም ተመርምሮ በሽታው ወባ መሆኑ ስለ ታወቀ ተገቢው መድኃኒት ተሰጠውና ዳነ። ወሬው ለኮፒ ሐኪሞች ቢደርስም እነሱ ሌላ በሽታ ነው ብለው አምነው ነበርና ለወባ ሳይታከም ቀረ። ኮፒ ጃንዋሪ 2 ቀን 1960 ዓ.ም. በ40 ዓመቱ ሞተ። ጀሚኒያኒ ግን እስከ 2024 ዓ.ም. ኖሮ በ99 ዓመቱ ዐረፈ። በቆላማ አገራችን ያለ ገበሬ በስሙ የሚያውቀው በሽታ፣ ባለመታወቁ ብቻ ታላቁን ብስክሌተኛ ገደለው።

የኮፒ አስከሬን በትውልድ መንደሩ ከወንድሙ ከሰርሴ ጋር ጎን ለጎን ዐረፈ። ከ1965 ዓ.ም. ጀምሮ በየዓመቱ በኢጣሊያ ዙር ውስጥ ከሁሉ ከፍ ያለው ተራራ በስሙ የኮፒ ጫፍ ተብሎ ይጠራል። በ2019 ዓ.ም.፣ በተወለደ በመቶኛው ዓመት፣ መንደሩም ስሙ ታክሎላት ካስቴላኒያ ኮፒ ተብላለች።

ከዚህ ታሪክ የምንረዳው አንድ ቁም ነገር አለ። ኮፒን ከስብራት ሁሉ ያስነሣው የጉልበቱ ብዛት ብቻ አልነበረም። ዳሌውም፣ ትከሻውም፣ ጭኑም ሲሰበር ጉዳቱ የታወቀ ነበርና ጊዜ ተሰጠው፤ ጊዜ የተሰጠውም ዳነ። ሰርሴን የገደለው ቀላል የመሰለ የራስ ምት ነው፤ ፋውስቶንም የገደለው በስሙ ያልተጠራ ትኩሳት ነው። ስለዚህ በጨዋታ ሜዳ ወይም በመንገድ ላይ የወደቀ ሰው፣ በተለይም ራሱን የተመታ፣ ምንም አልሆንሁም ብሎ ከመነሣቱ በፊት መመርመር አለበት። ጉዳቱ ከታወቀ በኋላ ደግሞ እንደ ቸኮለችው ሴት አፍስሶ ከመልቀም ይልቅ እንደ እንቁላሉ ቀስ በቀስ በእግሩ መሄድን መምረጥ ይገባዋል።

መልመጃ

ሀ. የሚከተሉት ቃላት በምንባቡ ውስጥ በምን ፍቺ እንደ ገቡ አስረዱ፤ እያንዳንዱንም በዐረፍተ ነገር ውስጥ አስገቡ።
ደቃቃ፣ ወጌሻ፣ ክብረ ወሰን፣ ይሟሽሻል፣ ነቀፋ

ለ. በምንባቡ መሠረት ለሚከተሉት ጥያቄዎች መልስ ስጡ።
1. ኮፒ የሉካንዳ ቤት ተላላኪ መሆኑ ለኋላ ሕይወቱ የጠቀመው እንዴት ነው?
2. አጥንቱ የተሰበረ ሰው የሚገኝባቸው ሁለት አደጋዎች ምንና ምን ናቸው?
3. በ1951 ዓ.ም. በፈረንሳይ ዙር የኮፒ ኃይል የከዳው ለምንድን ነው?
4. የኮፒና የጀሚኒያኒ ሕመም አንድ ሲሆን ፍጻሜያቸው የተለያየው በምን ምክንያት ነው?

ሐ. «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እና «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚሉትን ምሳሌያዊ አነጋገሮች መነሻ በማድረግ፣ ከሕመም ወይም ከጉዳት ስላገገመ የምታውቁት ሰው አንድ ገጽ ድርሰት ጻፉ።